ጉበኑን ለማለፍ

መካኒኩ ከፒካፑ ስር በጀርባው እየተንፏቀቀ ወጣና መኪናዋን ከሚሸከመው የኋላ ባሌስትራ የፈታውን ብረት አጥሩ ላይ አስደገፈው። «በቃ አባባ፣ መኪናው ሦስት ጣት ወርዶልዎታል። ከእንግዲህ ባዶውንም በበሩ ይገባል» አለ።

ባለፒካፑ የግቢውን በር ቀና ብሎ አየ። ከበሩ አናት ጉበኑ ላይ ያለው ጭረት መኪናዋን ገዝቶ የመጣ ዕለት የተጫረ ነው፤ ከጋቢናው ጀርባ የቆመው የዕቃ መደገፊያ አላሳልፍ ብሎት። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ሲመለስ በሩ ላይ ሁለቴ ክላክስ ያደርጋል፤ አራቱም ልጆች የያዙትን ጥለው እየተሯሯጡ ኋላ ይሰቀላሉ፤ ባሌስትራው ያቃስትና መኪናዋ ዝቅ ትላለች፤ አንገታቸውን ደፍተው እየተሳሳቁ ይገቡ ነበር። ሚስቱ ግን አንድም ቀን መኪናዋ ላይ አልወጣችም። «እኔ ከወጣሁማ ጎማው ይፈነዳል» ትል ነበር። ባለፈው ወር የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ለትምህርት ሲሄዱ መኪናዋ ውጭ ማደር ጀመረች።

ሞተሩን አስነስቶ ወደ በሩ ተጠጋ። እጁ ሳይታወቀው ሁለቴ ክላክስ አደረገ። ደንግጦ ፍሬን ያዘ።

ሚስቱ እርጥብ እጇን በቀሚሷ እየጠራረገች ከጓዳ ወጣች። ጎማውን ረግጣ እንደ ምንም ኋላ ወጣችና ልጆቹ ይቀመጡበት የነበረው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«እማማ፣ አያስፈልግም እኮ፤ ዝቅ አድርጌዋለሁ» አላት መካኒኩ።

«አውቃለሁ ልጄ» አለች፣ ጉበኑ ገና ሳይደርስባት አንገቷን ደፍታ። «ሲጠራኝ ዝም ልበለው?»