አናት የማይነካው አበባ

ሽማግሌው ሐዱ ቀጭኗን ፒፓ ስበው ጭሱን አፋቸው ውስጥ አቆዩና፣ እንደተታለለ ሰው ምራቃቸውን ጢቅ አደረጉ። ያምና የምትባለው ምራታቸው የሚሉትን ጠበቀች። ከገበሬዎች ማኅበር ያመጣችውን አዲሱን የካናቢስ ዘር በእሳቸው መሬት ላይ የዘራችው እሷ ናት። በካናቢስ እርሻ የኖረ የሪፍ ተራራ ሽማግሌ ደግሞ አናቱን ካላዞረው ካናቢስ አይለውም።

«ምንድን ነው ይሄ? አናቴን እንኳ አልነካኝም!»

«አናት እንዲነካ አይደለም፣ አባባ። ሕመም ያስታግሳል ብለው ነው መድኃኒት ሠሪዎቹ የሚገዙት።»

«ገለባ ነው በይኛ! ነገ ከነሥሩ ነቅዬ ለፍየሎቹ ነው የምሰጠው። እነሱም ከበሉት!»

እየተራገሙ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አነሱ። ትከሻቸው ከተያዘ ወዲህ ለእንግዳም ለቤተሰብም የምትቀዳው ያምና ነበረች፤ እሳቸው ክንዳቸውን ከደረታቸው በላይ ማንሳት አቅቷቸው፣ ሻይ በቀረበ ቁጥር ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። አሁን ግን ስለ ገለባው ማማረራቸውን ሳያቋርጡ ማንቆርቆሪያውን ከጆሯቸው በላይ ሰቅለው፣ የናናውን ሻይ እንደ ክር አቅጥነው ብርጭቆው ውስጥ አወረዱት። አረፋው ግጥም አለ። ጠብታ አልፈሰሰም።

«ምን ታፈጪብኛለሽ?» አሏት።

«ምንም» አለች ያምና፣ ብርጭቆዋን ወደ እሳቸው እየገፋች። «የእኔንም ይቅዱልኝ፣ አባባ።»