ከክሊኒኩ የመጣው ሣጥን

ከአዲስ አበባ የተላከውን ሰነድ መቅደላዊት ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሦስተኛው ላይ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ሰነዱ በድሮ የሕክምና ዕቃዎች ውስጥ ስለሚገኙ አደገኛ ነገሮች ነው። እሷ ደግሞ በጋምቤላ ከተማ ባለች አንዲት ትንሽ ሙዚየም ዕቃ መዝጋቢ ናት። ከባሮ ማዶ ከተዘጋ አሮጌ ክሊኒክ የመጣውን ሣጥን ሁለት ወር ሙሉ በባዶ እጇ ስትነካካው ከርማለች። በውስጡ የጥርስ ጉጠት፣ ጽሑፉ የለቀቀ ጠርሙስና ባለ ሜርኩሪ የደም ግፊት መለኪያ ነበር። የመለኪያው ቱቦ ባዶ ነው።

ታዲያ ሜርኩሪው የት ገባ?

ሰነዱ የመመረዝ ምልክቶችንም ይዘረዝራል፤ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የድድ መድማት፣ ያለ ምክንያት መነጫነጭ። መቅደላዊት እጇን ዘርግታ አየችው። ደህና ነው። የአራት ዓመቷ ልጇ የእሙዬ እጅ ግን ከወር ወዲህ ይንቀጠቀጣል፤ የውኃ ኩባያ እንኳ አይቆምላትም። ሐኪሙ ደሟን ወደ አዲስ አበባ ልኮ ውጤት እየጠበቁ ነው።

«በልብሴ ተሸክሜ አስገባሁላት» አለች ለራሷ። «በገዛ እጄ።»

የዚያኑ ቀን ቤቷ አልገባችም። የሥራ ጓደኛዋ ዘንድ አደረች፤ ለባሏ ለልዑልቃልም ስልክ ደወለች። ልዑልቃል ዲማ ካሉ ቆፋሪዎች ወርቅ ተረክቦ፣ ቤቱ አንጥሮ ለነጋዴ የሚሰጥ ሰው ነው። ሥራው እቤት በመሆኑ ልጅ መጠበቅ አይከብደውም።

«ልብሴን በሙሉ እጠበው። እሷን ደግሞ ደጅ አታውጣት፤ ከዓይንህ አትለያት፤ አደራህን።»

«ከጎኔ ንቅንቅ አትልም» አላት። ሳል አቋረጠው። ሳል መቼም አያጣውም።

ዘጠኝ ቀን ሆነ። መቅደላዊት ልጇን በስልክ ብቻ እየሰማች አለቀሰች። እሙዬ ግን አልተሻላትም፤ ይባስ ብሎ ማንኪያ መያዝም አቃታት። መርዙ አንዴ ሰውነቷ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፣ ብላ አሰበች እናት። ያን ሣጥን የተቀበለችበትን ቀን ረገመች።

በአሥረኛው ቀን ሣጥኑን እንድትመረምር ሙዚየሙ የጠራት ኛቢየል በጠዋቱ አውሮፕላን መጣች። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው፤ አሁን አዲስ አበባ የኬሚስትሪ ባለሙያ ሆናለች። ጓንቷን አጥልቃ፣ የሜርኩሪ ትነት የሚለካውን መሣሪያዋን ይዛ የዕቃ ክፍሉ ገባች። መቅደላዊት በር ላይ ቆማ ጠበቀች።

መሣሪያው ሣጥኑ ላይ ዝም አለ። መደርደሪያው ላይም፣ ወለሉም ላይ ዝም አለ።

«ሜርኩሪው አልጠፋም» አለች ኛቢየል መለኪያውን አገላብጣ። «ታች ማጠራቀሚያው ውስጥ ነው። የመጨረሻው ሐኪም መክደኛውን ጥርቅም አድርጎ ነው የሄደው። ጠብታ አልወጣም።»

«የሥራ ጋውኔስ?»

ጋውኑንም ለካችው። ምንም የለበትም። መቅደላዊት ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ድምፅ አወጣች። ዛሬ ማታ ልጇን ታቅፋለች።

ኛቢየል ወደ ደጅ ስትወጣ መሣሪያው በሩ አጠገብ ባለ ፌስታል ጎን አለፈ። ጮኸ። መልሳ አስጠጋችው፤ አሁንም ጮኸ።

«ይሄ ከየት መጣ?»

«ከቤት። ባለቤቴ ነው ጠዋት በባጃጅ የላከልኝ። የታጠበ ልብስ ነው። ዝናቡ አላደርቅ ስላለው ኩሽና ውስጥ ነው ያሰጣው።»

«እህቴ፣ ባለቤትሽ ምንድነው የሚሠራው?»

«ወርቅ ያነጥራል።»

ኛቢየል መሣሪያውን አጠፋች።

«ዲማ ወርቁን ከአፈር የሚለዩት በሜርኩሪ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ከዚያ ሜርኩሪውን በእሳት ያተኑታል።»

መቅደላዊት ደወለች። ልዑልቃል ወዲያው አነሳ።

«አይዞሽ፣ ቃሌን አላጠፍኩም» አላት እየሳለ። «ኩሽናውን ዘግተን ሥራ ላይ ነን፤ ልጅሽም ከጎኔ ንቅንቅ አላለች፤ ዛሬማ ምድጃውን የምታራግብልኝ እሷ ናት።»