ቁልቁለት ላይ የተፈታ ቃል

ለማመን ይከብዳል እንጂ፣ ውሸት ካለበት ምላሴን ይቁረጠው።

ጎረቤቴ የእድራችን ሊቀመንበር ነበር። በእንግሊዝኛ ዜና ላይ «ፑች» የሚል ቃል ሰማና ጀርመን አገር የተማረውን የልብ ጓደኛውን ዘርጋውን ጠየቀው።

«መፈንቅለ መንግሥት ነው» አለው ዘርጋው። «እንግሊዞች ከጀርመን ወሰዱት፣ ጀርመኖች ደግሞ ከስዊሶች። መነሻው ግን ገፋ ማድረግ ነው።»

«ገፋ ማድረግ ብቻ?» ብሎ ሳቀ።

በእድሩ ምርጫ ጠዋት የጎረቤቴ ቮልስዋገን አልነሳ አለች። ዘርጋው አባላቱን ይዞ መጣና «ፍሬን እንዳትይዝ፣ ወንድሜ» እያለ ቁልቁለቱን አስገፋው። ሞተሩ ሳይነሳ ወንዙ ዳር ደረሰ። ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ አዳራሽ ሲገባ፣ የገፉት ሁሉ ዘርጋውን መርጠው ጨርሰዋል።

«አሁን ቃሉ ገባህ?» አለው ዘርጋው ከሊቀመንበሩ ወንበር ላይ።

አንድ ነገር ብቻ ከራሴ ፈጥሬያለሁ። ጎረቤቴ ያልኩት ሰው የለም፤ ቮልስዋገኗ የኔ ናት።