ጥፍር፣ ብዛት ሃያ

ይህ ታሪክ ቅንጣት ውሸት ካለበት ምላሴ በሥጋ መፍጫ ትፈጭ! ደቡብ አፍሪካ፣ ጀርሚስተን ከተማ ውስጥ፣ የቋሊማ ማሽን በሚሠራ ፋብሪካ፣ በአህጉሩ አቻ የሌለው ነዳፊ ሞልፌ አርባ ሺህ ክፍሎች ያሉትን መፍጫ ነድፎ እየጨረሰ ነበር። ኮምፒውተሩ በንድፉ የገባውን ሁሉ ቆጥሮ የእቃ ዝርዝሩን ራሱ ይሞላል፤ መጋዘኑም የተፈረመበትን ሳይጠይቅ ይገዛል። የተሳሳተ ዝርዝር የፈረመ ነዳፊ ከሥራው ይባረራል።

ከብሎኖቹ በታች ሞልፌ ያልጻፈው አንድ መስመር ተገኘ፤ «የሰው ጥፍር፣ ከነሥሩ፣ ብዛት ሃያ»። የመጣው ከእጀታው ንዑስ ስብስብ ነው፤ የእጀታው ክፍሎች ለብቻ ከተነደፉበት ፋይል። ፋይሉን ከፍቶ አንዱን አየው። ቢጫ ነው፤ ጠርዙ ተበልቷል፤ ከሥሩ ቀጭን ሥጋ ተንጠልጥሎበታል። 

በሳምንቱ፣ ምሳ ላይ፣ የበቆሎ ገንፎውን፣ ፓፑን፣ እየጠቀለለ ጉራውን ቸረቸረ። «መቶ ጊዜ ሰረዝኩት፣ መቶ ጊዜ ተመለሰ! በመጨረሻ ከነሥሩ ነቅዬ ጣልኩት። ሌላ ሰው ቢሆን ጨርቁን ጥሎ ነበር!»

«ብራ ሞልፌ፣ ወንድማችን፣ ጉራህ በኪሎ ቢሸጥ ፋብሪካውን ትገዛው ነበር» ብለው ሠራተኞቹ ሳቁበት።

የመጋዘን ኃላፊዋ ማ ዲኬሌዲ ግን አልሳቁም። ሳህናቸውን ገፋ አደረጉ።

«አልሰረዝከውም ልጄ» አሉት ቀስ ብለው። «የእጀታው ስብስብ ሁለቴ ገብቶ ነው ብለህ፣ ሃያውን አስር አድርገህ ፈርመህ ላክህልኝ። የጥፍሮቹን ካርቶን ዛሬ ጠዋት ተረከብኩ። ቆጠርኳቸው፤ ልክ አስር ናቸው። ገና እርጥብ ናቸው።»