ባሏ የተረጎመላት

ደምሴ ሚስቱን እታገኝን ከስድስት ዓመት በኋላ ጀርመን አስመጣትና በሳምንቱ ሐርዝ ተራራ ላይ፣ ጥድ የከበበው የዕረፍት ቤት ተከራይቶ ወሰዳት።

«እኔም ገና ማየቴ ነው» አላት ሻንጣ እያወረደ።

አከራይዋ አሮጊት ቁልፍ ይዘው ወጡና እጁን ጨብጠው በጀርመንኛ አናገሩት።

«ምን አሉ?» አለች እታገኝ።

«ብርድ ስለሆነ ምድጃውን አንድዱ ነው የሚሉት።»

እታገኝ ድንገት አናግራው ልታስገርመው ብላ፣ አዲስ አበባ ሳለች ስምንት ወር ሙሉ በድብቅ ጀርመንኛ ተምራለች። አሮጊቷ ያሉት፣ «ባለቤትህና ሕፃኗ ዘንድሮ ለምን ቀሩ?» ነበር።

ወደ አሮጊቷ ዞረችና በጀርመንኛ፣ «ሕፃኗ ስንት ዓመቷ ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«አሁን ሦስት ይሆናታል» አሉ ፈገግ ብለው። «ቁርጥ አባቷን ናት።»