ያልተመለሰው የጨረታ ጃንጥላ

"ሃያ ሁለት ብር… አንደኛ… ሁለተኛ…"

የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ግዛቸው ጃንጥላውን ዘርግተው ከፍ አደረጉት።

"ሦስተኛ። ጃንጥላው የአባባ ኩማ ሆኗል።"

ድንኳኑ ውስጥ የተሰበሰበው ሰው አጨበጨበ፤ ቀጥሎ የሚሆነውን ሁሉም ያውቀዋልና።

የጨረታ ደንብ የታወቀ ነው… ያሸነፈ ሰው ገንዘቡን ይከፍላል፤ ዕቃውን ግን "ለሕዝብ መልሻለሁ" ብሎ ይሰጣል። ዕቃው እንደገና ይጫረታል። አንድ ጃንጥላ እስኪመሽ አሥር ጊዜ ይሸጣል።

አባባ ኩማ ሃያ ሁለት ብሩን ከፈሉ… ጃንጥላውን አጠፉ… በብብታቸው ሸጉጠው ወጡ።

ድንኳኑ በጉርምርምታ ተሞላ።

ከሁሉም ይልቅ የተናደደችው ተዋበች ነበረች። ጃንጥላውን ለጨረታ የሰጠችው እሷ ነበረችና።

ነገሩ የሆነው በሐዋሳ ነው፤ ሰኔ 1972 ዓ.ም.… የለም፣ ተሳሳትኩ፤ የዕድሩ ድንኳን የተሰፋው በ73 ስለሆነ 1973 ነው።

ተዋበች ከአሞራ ገደል የአጥማጆች ገበያ ዓሣ ተረክባ፣ ሐይቁ ዳር ካሉት አሥራ አንድ ሾላዎች ሥር ተቀምጣ እየፋቀች ትሸጣለች። ዓሣ ፀሐይ አይችልም፤ ጥላው ከሌለ ሥራዋም የለም።

ሾላዎቹን የተከሉት የአባባ ኩማ አባት ናቸው። የ1967ቱ አዋጅ መሬቱን የመንግሥት ቢያደርገውም፣ ዛፎቹ የአባባ ኩማ ንብረት ሆነው ቀሩ። አንድ የጣውላ ነጋዴ ሊቆርጣቸው አንድ ሺህ ስምንት መቶ ብር አቀረበ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ነዋሪውን ሰብስበው እንዲህ አሉ፦

"እስከ ሰኔ ሠላሳ የዛፎቹን ግምት፣ ነጋዴው ያቀረበውን ያህል፣ ለባለቤቱ ከከፈላችሁ፣ ቦታው የሕዝብ ሆኖ ይከለላል። ካልሆነ ነጋዴው ይቆርጣል።"

ሰዉ አባባ ኩማን ለመነ።

"አባባ፣ ትንሽ እንኳ ይቀንሱልን።"

"አንድ ብር አልቀንስም።"

መዋጮው ተጀመረ… አጥማጁ የአንድ ቀን ዓሣውን፣ አስተማሪው ከደመወዙ፣ ሻይ ሻጯ ዘነበች የቅዳሜ ገበያዋን…

ተዋበች የነበራት ያ ጃንጥላ ብቻ ነው።

"ዛፎቹ ከተረፉ ጃንጥላ ምን ያደርግልኛል?" ብላ ለመዋጮው ጨረታ ሰጠችው።

እንግዲህ ይህንን ነው አባባ ኩማ ይዘውት የወጡት።

ተከትላቸው ወጣች።

"አባባ ኩማ፣ ጥላውን ይሸጡልናል፤ ጃንጥላውን ይወስዱብናል። ፀሐይቱንስ ለማን ሊያከራዩ አስበዋል?"

ከኋላዋ የነበሩት ሳቁ።

ሽማግሌው ዞር አሉ።

"በደንቡ ከፍያለሁ፣ ልጄ" አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

የሚገርመው፣ ንዴቱ ጠቀመ…

ጋሽ ግዛቸው የገዛ ከዘራቸውን ለጨረታ አወጡ። ከዘራው ዘጠኝ ጊዜ ተሸጠ… ዘጠኝ ጊዜም ተመለሰ። በመጨረሻ "ኧረ ሰውዬው በምን ሊሄዱ ነው?" ተብሎ ለራሳቸው ተሰጣቸው።

ግምቱ ሰኔ ሃያ ዘጠኝ ቀን ሞላ። አባባ ኩማ ገንዘቡን በሊቀመንበሩ ፊት ተረከቡ። ፈገግ እንኳ አላሉም።

ሐምሌ ሁለት፣ ማለዳ…

ተዋበች ሳፋዋን ተሸክማ ስትደርስ፣ ከሾላዎቹ ሥር የእሾህ ሽቦ ጥቅልል፣ የአጥር እንጨት ክምርና ሁለት ቆፋሪዎች አየች። መካከላቸው ያንኑ የዘወትር የተጣፈ ኮታቸውን የለበሱት አባባ ኩማ ቆመዋል።

ሳፋዋን ዘጭ አደረገችው።

"ገንዘባችንን ወስደው ደግሞ ሊያጥሩብን ነው?"

"ገንዘባችሁ ይኸውና" አሉ ሽቦውን በጣታቸው እያሳዩ። "የተረፈውን ለዘበኛ ደመወዝ እንዲሆን ለዕድሩ ሰጥቻለሁ። አጥሩ በር አለው። አንቺ ትገቢያለሽ፤ መጥረቢያ ነው የማይገባው።"

ተዋበች ወደ እሳቸው ጠጋ አለች።

"ታዲያ… መጀመሪያውኑ በነፃ አይሰጡንም ነበር? ያንን ሁሉ ስድብ ምን አስቻለዎት?"

"ነይ እስቲ።"

በዛፎቹ መካከል ወደ ነበረ ክፍት ቦታ ወሰዷት። አንድ የደረቀ ጉቶ አለ።

"አሥራ ሁለተኛው ሾላ ይሄ ነበር። በነፃ ነበር። 'አባባ ኩማ ምንም አይሉም' እየተባለ ቅርንጫፉ ለማገዶ አለቀ። ልጡ ሳይቀር ተገፈፈ። አምና ደረቀ።"

ተዋበች አቀረቀረች። ዓሣ ስትጠብስ የማገደችው የዚያኑ ዛፍ ቅርንጫፍ ነበር።

"አይተውኛል?"

"ስንቴ። ዓሣው ግን ይጣፍጥ ነበር፤ አንዴ አቅምሰሽኛል።"

ሳቋ አመለጣት።

"በነፃ ብሰጣችሁ አሥራ አንዱም እንደዚሁ ባለቁ ነበር" አሉ ሽማግሌው። "አንድን ከዘራ ዘጠኝ ጊዜ የገዛ ሰው ግን፣ ከእንግዲህ አንዲት ቅርንጫፍ ስትቆረጥ አይቶ ዝም አይልም።"

ያኔ ነው ከጉቶው ጀርባ ያለውን ያየችው…

ጃንጥላዋ። ከአንድ እንጨት ጋር በገመድ ታስሯል። ከሥሩ ባለ አራት ቅጠል የሾላ ችግኝ ቆሟል።

"ገና ሥር አልያዘም፤ ቀትር ላይ ይጠወልግብኛል። ያልመለስኩትም ለዚህ ነው። ሥር ሲይዝ ጃንጥላሽን ትወስጃለሽ።"

ተዋበች ወደ ሐይቁ ወረደች። በሁለት እጇ ውኃ ዘግና መጣችና ችግኙ ሥር አፈሰሰችው።

"ይቆይ፣ አባባ" አለች። "እኔ ጥላ አለኝ።"

ትምህርቱ "ሳታውቅ በሰው ላይ አትፍረድ" የሚል ነው ብዬ ልዘጋው ነበር… ግን ያ ግማሹ ብቻ ነው።

ሙሉው ይህ ነው፦ ሰው ከልቡ የሚጠብቀው፣ ከራሱ ቆርሶ የሰጠበትን ነገር ነው። አንዳንድ ደግ ሰው ደግሞ ይህንን ስለሚያውቅ፣ እስኪገባን ድረስ ስስታም መባልን ይችላል።

በእናንተ ሰፈር "ባለቤት የለውም" እየተባለ ያለቀ ዛፍ፣ ምንጭ ወይም ሜዳ አለ? እናንተ በአባባ ኩማ ቦታ ብትሆኑስ… በነፃ ሰጥታችሁ ትመሰገኑ ነበር ወይስ አስከፍላችሁ ትሰደቡ ነበር? ከሥር ጻፉልን… እናነበዋለን።