ሮዝ ጣሪያ

ሙፍታህ የፒካፑን ጣሪያ በእርጥብ ጨርቅ ይፈትጋል፤ የደረቀው ጭቃ ግን እንቢ ብሏል። ተዋጊዎቹ ከጠላት አውሮፕላን ለመደበቅ መኪናቸውን ከጎማ እስከ ጣሪያ በጭቃ ለቅልቀውታል። አሁን ከላይ የሚበረው የወዳጅ ነው፤ መኪኖቹን ማየት አለበት። ባለፈው ሳምንት ለይቶ ባለማወቁ ሦስት መኪና ከነሰዎቹ አንድዷል።

"ጣሪያውንም ለቅልቁ ያላችሁ ማን ነው?"

"አንተ ነሃ። የዛሬ ወር" ይለዋል ታናሽ ወንድሙ ወኒስ፣ መሪውን እንደያዘ።

ሙፍታህ ይበልጥ ይናደዳል። በሊቢያዋ ከተማ አጅዳቢያ ውስጥ ሃያ ዓመት መኪና ሲቀባ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ከጋራዡ ያስወጣው አንድም የለም። የቀለም መርጫውን አንስቶ፣ አሁን እንደቀባቸው አሥራ አንድ መኪኖች ይህንንም ጣሪያ ሮዝ ያደርገዋል። በረሃ ላይ የማይጠፋው ሮዝ ነው ተብሏል።

"የሙሽራ መኪና አስመሰልከው እኮ።"

"አፍህን ያዝ። ሁለት ሰዓት ሳይደርቅ ንቅንቅ የለም።"

"የምን ሁለት ሰዓት?" ይላል አዛዡ ሐጂ ሚሎድ ከኋላው። "ጠላት መንገዱን ሊቆርጥብን ነው። አሁን እንወጣለን።"

"ሐጂ፣ በአላህ፣ አንዷን ሰዓት እንኳ።"

"አንድ ደቂቃም የለኝም፣ ልጄ።"

ሙፍታህ ሐጂውን ገለል አድርጎ፣ "እንግዲያው ወኒስ መጨረሻ ይሁን። እስኪነሳ ትንሽ ይደርቅለታል። እናታችን ከእኛ ከሁለታችን ሌላ የላትም" ይለዋል። ሐጂው እሺ ብሎ ራሱን ይነቀንቃል።

ወኒስ ሰምቷል። "ሰው ፊት ሕፃን አደረግከኝ።"

"ሕፃን ነሃ።"

አስፋልቱ ፈንጂ ተቀብሮበታል፤ አሥራ ሁለቱ መኪኖች ተራ በተራ በአሸዋው መንገድ ይወጣሉ። ሙፍታህ የጋራዡ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ያያቸዋል። የመጀመሪያው ጣሪያ ከሩቅ ቦግ ብሎ ይታያል፤ ደስ ይለዋል። አራተኛው ደብዘዝ ብሏል። ስምንተኛው ሮዝ መሆኑ ያጠራጥራል።

የፊተኞቹ ያስነሱት አቧራ የኋለኞቹ ላይ ይወርዳል። እርጥብ ቀለም ደግሞ አቧራ ከያዘ አይለቅም፤ ይህን ከሱ በላይ የሚያውቅ ሰው ከተማው ውስጥ የለም። የአሥራ አንድ መኪና አቧራ የጠጣው የወኒስ ጣሪያ ከመንገዱ አይለይም።

ከሰሜን በኩል የአውሮፕላን ድምፅ ይሰማል። ሙፍታህ ሮዝ የነካውን ጨርቅ እያውለበለበ፣ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ "ተመለስ!" እያለ ይጮኻል።

ወኒስ በመስታወቱ አይቶታል። ቂሙን ረስቶ፣ እጁን በመስኮት አውጥቶ ያውለበልብለታል።